ጣሪያው ላይ የነበረው መድኃኒት

አባቴን ራሱን ያመው ነበር። ሌላው አካሉ ደህና ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ ወፍራም፣ ጥርሱ ሚስማር የሚነቅል። ራሱ ብቻ ነው ያስቸገረው። ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ይነሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ሥራው ላይ ይቀመጣል፣ ረፋዱ ላይ ግንባሩን መጨበጥ ይጀምራል፣ ከምሳ በኋላ ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። እናቴ «ዛሬስ እንዴት ነው?» ላላት ሁሉ፣ «ጀመረው» ትላለች። ምን እንደጀመረው የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።

ጫማ ሠሪ ነበር። የምንኖረው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። አንዷ ክፍል የሦስታችንም መኝታ ናት። ሌላዋ የአባቴ መሥሪያ፣ የእናቴ ማብሰያ፣ የእኔ ማጥኛ፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሳሎን። ከሁላችንም የበለጠ ቦታ የያዘው ጠረጴዛው ነበር፤ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ ፊቱ በቢላ ጭረትና በደረቀ ማስቲሽ የተሸፈነ። ማስቲሹ በትልቅ ቆርቆሮ ነው የሚመጣው። አባቴ ክዳኑን ጠዋት ይከፍታል፣ ሲመሽ ይዘጋል፤ በየመሃሉ መክፈትና መክደን ሥራ ያጓትታል ባይ ነው። በብሩሽ እየነከረ ሶሉን ይቀባል፣ ቆዳውን ይቀባል፣ ትንሽ ጠፈፍ እስኪል ደርድሮ ይጠብቃል፣ ከዚያ አጣብቆ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ሽታውን እወደው ነበር። ቤታችን የሚሸት መሆኑን ያወቅኩት ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ፣ «አንቺ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ትሸቻለሽ» ስትለኝ ነው። እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ራስ ምታቱ ለቤታችን ሕግ አውጥቶ ነበር። ማንኪያ ከሳህን ጋር አይጋጭም። ወንበር ይነሳል እንጂ አይጎተትም። መዝሙር ትምህርት ቤት ይቀራል። እኔና እናቴ በዓይን መነጋገር ተምረን ነበር፤ ቅንድቧን ከፍ ካደረገች «ውሃ አምጪለት» ነው፣ ከንፈሯን ከነከሰች «ቀስ በይ፣ ዛሬ ብሶበታል» ነው። አባቴ ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ትዝ አይለኝም። «ቀስ።» «ውሃ።» «በሩን።» በቃ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የገዛ ድምፁ ጭምር ስለሚያመው ነው።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ኪኒን ሰጡት፤ ኪኒኑ ጨጓራውን ላጠው። መነጽር ታዘዘለት፤ መዶሻውን ሲያነሳ ከአፍንጫው ተንሸራቶ ወደቀና ያው መዶሻ አረፈበት። ጥርስ ነው የሚያመው ያለ ሰው ተገኘና ሄዶ አስነቀለ። ለራሱ ብሎ የወጣ ሰው ጥርሱን ጥሎ ገባ። ራሱም እዚያው እንደነበረ ነው።

ዋናዋ ሐኪም ግን አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ እህት። እኔና እናቴ በሌለችበት «ራዲዮ» ነበር የምንላት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ። አንድ ቀን መጥታ አባቴን ግንባሩን ጨብጦ ስታየው ዞር ዞር ብላ መስኮቱን ተመለከተች።

«ንፋስ ነው!» አለች። «ላብ እያላበው መስኮት ይከፈትበታል? አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን ልትገድዪው ነው እንዴ?»

እናቴ ደነገጠች። ያንኑ ቀን የመስኮቱን ዙሪያ በጨርቅ ጠቀጠቀችው፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች። አባቴ ባሰበት። አክስቴ ጉዳዩን ለማጣራት ከሰዓቱን ሙሉ አብራን ተቀመጠች፤ ሲመሽ እሷም ጭንቅላቷን ያዘች።

«አያችሁ? እኔንም መታኝ! የሆነ ቦታ እየገባ ነው።»

ቀዳዳ ፍለጋ ተጀመረ። ሦስታችንም በጉልበታችን እየተንፏቀቅን ግድግዳውን በእጃችን ዳሰስን። በመጨረሻ የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ንፋስ ተገኘና አባቴ ራሱ ቁራጭ ቆዳ ቆርጦ ወተፈው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ለመግባት መጀመሪያ ቆዳውን መንቀል ነበረብን።

ነገሩ የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ቀለም መሸጫ ሱቅ ስቀጠር ነው። የመጀመሪያ ቀን ብርድ ብርድ ስላለኝ በሩን ዘግቼ ቀለም ሳደባልቅ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ራሴን ለሁለት ሰነጠቀኝ። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ መጥቶ በሩን በርግዶ ከፈተና፣ «እዚህ ቤት በር ዘግቶ የሚሠራ ሞኝ ብቻ ነው» አለኝ። ወዲያው የተወተፈው የቁልፍ ቀዳዳ ትዝ አለኝ። ሳቄ አላባራ አለ፤ ሽማግሌው ሽታው አናቴ ላይ የወጣ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ያኔ ግን ንፋሱን ነበር የምንፈራው። አባቴም ይፈራ ነበር። ስለዚህ ጣሪያ መውጣት ሲያበዛ ምክንያቱ ለእሱም የገባው አይመስለኝም።

የሕንፃችን ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ የሁሉም ሰው ልብስ እዚያ ይሰጣል። አጣቢዋም የምትሠራው እዚያ ነው። የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ በጅምላ ተቀብላ የምታጥብ፣ ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ እስከ ትከሻዋ እርጥብ የሆነ ሴት ነበረች። ሳቋ ደረጃውን ተከትሎ እስከ ምድር ይወርዳል። እናቴ ጉልበቷን ያማት አንድ ቀን አባቴን ልብስ እንዲያወርድላት ላከችው። ግንባሩን ጨብጦ ወጣ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ልብሱን በክንዱ ታቅፎ ወረደ። እጁ ግንባሩ ላይ አልነበረም።

«ለቀቀህ?» አለችው እናቴ።

«ለቀቀኝ መሰለኝ» አለና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ብሩሹን ያስቀምጥና፣ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። እኔ ተከትዬው ወጣሁ። ልጅ ነኝ፤ አባቴን የሚያድን ነገር ምን እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።

ጣሪያው ላይ አንሶላዎቹ እየተውለበለቡ ነው። በመካከላቸው አባቴ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጧል። አጣቢዋ ነጩን ልብስ የምታለቀልቅበት ሰማያዊ ውሃ አለ፤ ዱቄቱን በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ጣል ስታደርግበት ውሃው ሰማይ ይመስላል። አንድ ፎጣ ከዚያ ውስጥ አወጣች፣ ጠመዘዘችና ወረወረችለት።

«እንካ ወንድሜ፣ ግንባርህ ላይ ጣል አድርጋት።»

ጣል አደረጋት። ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ጉድ ተሰማ፤ አባቴ አወራ! ስለ አንድ ወፍራም ደንበኛው፣ ስለ ደንበኛው ውሻ፣ ውሻው ስለበላው አንድ እግር ጫማ። አጣቢዋ እየሳቀች አንሶላ ትጠመዝዛለች። እኔ ደረጃው አፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ መድኃኒቱ ሰማያዊው ውሃ መሆኑን ደመደምኩ። ልብስን ነጭ የሚያደርግ ውሃ ራስ ምታት ማጠብ አያቅተውም።

«አንቺ ፌንጣ!» አለኝ አባቴ ሲያየኝ። ቤት ውስጥ በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ የምሆነው ጠፋኝ።

ያየሁትን ለመናገር ማንም አላስገደደኝም፤ አክስቴ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

«አባትሽ ጣሪያው ላይ ምን ይሠራል?»

«መድኃኒት ትሰጠዋለች።»

«ማን?»

«አጣቢዋ ናታ። ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ታደርግለታለች፣ ከዚያ ይስቃል።»

አክስቴ እናቴን አየቻት። እናቴ ድስቱን አየች። «ይስቃል?» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። ስለ ፎጣው አልጠየቀችኝም። ያኔ መድኃኒቱ ምን ያህል ፍቱን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገች መስሎኝ፣ «ጥርሱ እስኪታይ!» አልኳት፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው።

በማግሥቱ አባቴ ብሩሹን ሲያስቀምጥ እናቴ ቀና ሳትል፣ «ዛሬም ልትወጣ ነው?» አለችው።

«ትንሽ ንፋስ ልቀበል ብዬ…»

«ንፋስ አይደል እንዴ የሚያምህ?»

እውነቷን ነው፤ የሚያመው ንፋስ ነው፤ ሁላችንም በጉልበታችን ተንፏቀን የደፈንነው ንፋስ። አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ሳምንት አልወጣም። የወተፍነው ሁሉ እንደተወተፈ ነው፤ አንድ ቀን ባልዲ ላይ ተደፍቶ አስመለሰው፣ እናቴም ጀርባውን ስታሻሽለት፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» ትላለች፤ ድምፅዋ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር።

በዚሁ መሃል የትምህርት መክፈቻ ደረሰ። የተማሪ ጫማ የሚያዘው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣ። አባቴ ብቻውን አልቻለም፤ እናቴ ጎኑ ተቀምጣ ማስቲሽ መቀባት ጀመረች። እጇ ፈጣን ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ብርሃን አስጠላት። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም ግንባራቸውን ጨብጠው፣ ሳይነጋገሩ ሶል ይቀባሉ። አክስቴ ንፋሱ በእህቷ ላይ መዞሩን አወጀች።

የዚያኑ ቀን አባቴ ብሩሹን ጣለና፣ «መጣሁ» እንኳ ሳይል በሩን ከፍቶ ወጣ። እግሩ ደረጃውን ወደ ላይ ሲረግጥ ሰማን።

አክስቴ ተነስታ ቆመች። «አየሽ? ፊትሽ ላይ! አሁንስ አላልኩሽም? እኔ ብሆን ዕቃውን አውጥቼ ነበር ደጅ የምደረድርለት። ወንድ እንዲህ ሲሆን ዕቃው ነው የሚወጣው! አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እሱ ላይ ወጥቶ ይገለፍጣል።»

«ተይኝ እባክሽ፣ ራሴን ፈልጦኛል።»

«ዛሬ ካላስወጣሽው እኔን እህቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!»

ዕቃው ይወጣል ማለት አባቴ ይሄዳል ማለት እንደሆነ ገባኝ። ምድር ቤት የምትኖር ጓደኛዬ አባት ዕቃ ወጥቶ ነበር፤ አልጋው ውጭ ሲዘንብበት አይቻለሁ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልታየም። እናቴ ባዶ ባልዲ አንስታ ወጣች፤ እኔም ኋላዋ።

ጣሪያው ላይ ስትደርስ ከአንድ ትልቅ አንሶላ ጀርባ ቆመች። ማዶ የአባቴ ድምፅ ይሰማል። ተለማማጅ ሳለ ለአንድ ሙሽራ ጫማ እንዲሠራ ጌታው አዞት፣ ቸኩሎ ሁለቱንም የግራ እግር አድርጎ እንደሠራው እያወራ ነው።

«ጊዜ የለም፣ ሙሽራው ያንኑ አደረገው። ወደ ሙሽሪት ይራመዳል፣ እግሩ ግን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ወደ ግራ ያለችው ደግሞ ሚዜዋ ናት! ሙሽሪት በዓይኗ ስትቆጣው፣ ምስኪን፣ ይመለሳል፤ ሁለት ራመድ ሲል እንደገና ወደ ሚዜዋ!»

አጣቢዋ ሳፋው ላይ ተደፋች። አባቴም ሳቀ። ከሆዱ የሚወጣ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አልቆም ብሎ እንደገና የሚጀምር ሳቅ ነበር። አሁን እናቴ አንሶላውን ገልጣ ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮኸችም። ባልዲውን አስቀመጠች። ንፋሱ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሲያጣብቅባት በእጇ እየገፋች ቆመች፣ ቆመች። ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ ሻሿን ፈታች። ግንባሯን ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አጣቢዋ ትልቅ ሴት ናት።

ባልዲውን ረስታ ወረደች። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«እህስ?»

«ነገ ጠዋት ነይ» አለቻት እናቴ። «ዕቃውን እናወጣለን።»

ጠዋት ቀድሜ ተነሳሁና የአባቴን መዶሻ ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩ። ያለ መዶሻው የትም እንደማይሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። አክስቴ ለበዓል እንደሚሄድ ሰው ለባብሳ መጣች። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አነሳች፣ ቆርቆሮውን በር ላይ አስቀመጠች፣ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ጨበጠች።

«ያንን ጫፍ ያዝ» አለችው።

አባቴ ቀለሙ ተለወጠ። «ምን አደረግሁ?»

«ያዝ አልኩህ።»

«አንቺ፣ እኔ እኮ እዚያ ወጥቼ ከማውራት በቀር…»

«ሰውዬ፣ ትይዛለህ ወይስ ብቻዬን ልጎትተው?»

ያዘ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሳለቅስ መዶሻው ከቀሚሴ ወጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ማንም አላየኝም። አክስቴ፣ «ጎሽ! እንዲህ ነው ሴት!» እያለች በሩን በርግዳ ያዘችላቸው።

ከበሩ ሲወጡ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ ዞረ። ጠረጴዛው ግን አልንቀሳቀስ አለው። ጎተተ። እናቴ በሌላው ጫፍ ወደ ላይ ትጎትታለች። ጠረጴዛው መሃላቸው ተሰንቅሮ፣ ሁለቱም እያላባቸው፣ እሱ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ።

«ወዴት ነው የምትወስደው?» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«ዕቃዬን እያስወጣሽኝ አይደል?»

«አዎ። ወደ ላይ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ደረጃው ላይ ከእኛ ሌላ በራቸውን ከፍተው የቆሙ ጎረቤቶችም አፋቸውን ከፈቱ። ቀድማ የተናገረችው፣ እንደ ወትሮው፣ አክስቴ ናት።

«ምን? ለሷው ልታስረክቢው ነው? እጅ በእጅ?»

«እኔም እዚያው ነኝ» አለች እናቴ። «ባይሆን ወንበሮቹን ያዢልን።»

አክስቴ ወንበር አልያዘችም። ወርዳ ሄደች፤ ብዙ ጊዜም አልመጣችም። አጣቢዋ ጠረጴዛው ጣሪያው ላይ ብቅ ሲል፣ «ውይ! በስመ አብ! ምንድን ነው?» ብላ እጇን በጉርዷ ጠረገች። እናቴ እያለከለከች፣ «ቦታ ይኖርሻል?» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ጥቂት ተያዩ። አጣቢዋ አንድ ሳፋ ውሃውን ደፍታ ገለበጠችና እናቴ እግር ሥር አስቀመጠችላት።

አባቴ ከዚያ በኋላ እዚያ ነው የሠራው። ለዝናብ የሚሆን ቆርቆሮ ቆየት ብሎ መታበት። ራሱን ማመሙ ተወው፤ ወሬውም ሱስ ሆነበትና ማታ ቤት ገብቶ እንኳ አልዘጋ ይል ጀመር። ሕንፃው ለዓመታት ሲያማን ኖረ፤ ባሏን በገዛ እጇ ተሸክማ ወስዳ ሰጠች ይባል ነበር። እኔ ደግሞ በሰማያዊው ውሃ ማመኔን አልተውኩም። ሁለተኛ ደረጃ የማጠናቀቂያ ፈተና ላይ ራሴን ሲያመኝ ፎጣ ነክሬ ግንባሬ ላይ አሰርኩ፤ ፈተና ክፍል የገባሁት ሰማያዊ ሆኜ ነው።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ በእርጅና ነው ያረፈው። አጣቢዋ ከእሱ በፊት ሄዳለች። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ቀለም ቤቱ ልታየኝ መጣችና ገና ከበሩ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ፣ «አባትሽን ይሸታል» አለች። ወንበር ሰጠኋት። ለስንት ዘመን ይዤው የኖርኩትን ግኝት የምነግራት ጊዜ ይህ ነው ብዬ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ አባዬን ያመው የነበረው እኮ ንፋስ አይደለም። ማስቲሹ ነው። ቤቱን ዘግተን ያንን እያሸተተ ነው።»

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። «ይሄን ለማወቅ ነው ቀለም ቤት የተቀጠርሽው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ጣሪያው ላይ የወጣሁ ቀን ነዋ። እኔስ ሲፈልጠኝ አልሰነበተም? እዚያ ቆሜ ብን ብሎ ጠፋ። ሻሼን የፈታሁት ለምን ይመስልሻል?»

እስካሁን የማውቀው ታሪክ እጄ ላይ ተገለበጠ። «እና መስኮቱን መክፈት ይበቃ ነበር እኮ! ያንን የሚያህል ጠረጴዛ፣ ያን ሁሉ ደረጃ…»

እናቴ የሹራቧን ቁልፍ ፈታ መልሳ ቆለፈችው።

«መስኮቱን ብከፍትለት ራሱ ይድናል። ከዚያስ? ድኖ ዝም ይለኛል። አንሶላው ጀርባ ቆሜ ሲስቅ ሰማሁት። ልጅ ወልጄለት፣ ስንት ዘመን አብሬው ተኝቼ፣ ሳቁን አላውቀውም ነበር። ሌላ ሰው ነው ብዬ አጮልቄ ሁሉ አይቻለሁ። ወደ ቤት ላውርደው ብል ሳቁ እዚያው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ እሱ እዚያ የሚስቅ ከሆነ እኔም ልውጣ አልኩ።»

«አልቀናሽም?»

«እንዴት አልቀናም! ዛሬም፣ ሞታ እንኳ፣ እቀናባታለሁ» አለች እናቴ። «እሷ ልብስ እያጠበች በነጻ የሰማችውን እኔ ጠረጴዛ ተሸክሜ ነው ያገኘሁት።»